ጥንታዊውን የእስያ ተጣጣፊ መከለያ መምረጥ፣ ማቆምና መጠበቅ፦ ለወሎ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ የመኖሪያ ቤቶችን ሳሎን ማሰናዳት ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሥራ ከገጠሙኝ ዕቃዎች ሁሉ ሰዎች በፍቅር ገዝተው ወይም ወርሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲያበላሹት ያየሁት ከሩቅ ምሥራቅ የመጣውን ጥንታዊ ተጣጣፊ መከለያ ነው። አንዱ ከውጭ አገር ኑሮ ሲመለስ ከቤት ዕቃው ጋር ጭኖት ይመጣል፣ ሌላው ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ይገዛዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአባቱ ቤት ያገኘዋል። ሁሉም የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ ማጠፊያውን የሚያይ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ከልምድ የደረስሁበት ተጣጣፊ መከለያ መመርመር ያለበትም፣ መቆም ያለበትም፣ መጠበቅ ያለበትም ከማጠፊያው ተነሥቶ እንደ ሆነ ነው፤ ዕቃው ሥዕል ሆኖ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሳይሆን ተጣጥፎ ወለል ላይ በገዛ እግሩ እንዲቆም የተሠራ ነውና።

ቻይናውያን ይህን ዕቃ ፒንግፌንግ ይሉታል፤ ነፋስ መከለያ ማለት ነው። ጃፓኖች ያንኑ ጽሕፈት ቢዮቡ፣ ኮሪያውያን ደግሞ ብዮንግፑንግ ብለው ያነቡታል። ስሙ እንደሚናገረው የመጀመሪያ ሥራው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚገባውን ነፋስ መገደብ፣ ሰውን ከሰው ዓይን መጋረድና ለክቡር ሰው መቀመጫ ጀርባ መሆን ነበር። በእኛ አገር ለዚህ ሥራ ያለን መጋረጃ ነው፤ በቅርጹ ግን የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያናችን ሰንሱል ይመስለኛል። ሰንሱል ከረጅም ብራና እየተጣጠፈ የሚሠራ ሲሆን፣ ሲዘጋ እንደ ትንሽ መጽሐፍ በእጅ ይያዛል፣ ሲዘረጋ ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ። ልዩነቱ የሰንሱሉ እጥፋት ራሱ ብራናው መሆኑ ላይ ነው፤ የእስያው መከለያ ግን እያንዳንዱ ክንፍ ለብቻው ተሠርቶ ከጎረቤቱ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ነው። ክንፍ የምለው አንዱን ረጅም ሰሌዳ ነው።

ስለ ማጠፊያው ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በጃፓን በናራ ከተማ የሚገኘው ሾሶይን የተባለው ግምጃ ቤት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ መከለያዎችን እስከ ዛሬ ጠብቆ ይዟል። በዚያ ጥንታዊ ዘመን ክንፎቹ በቆዳ ወይም በገመድ ማሰሪያ ይያያዙ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ክንፍ የራሱ ክፈፍ ነበረው፤ ሥዕሉም በክፈፉ እየተቆረጠ ይቀር ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የወረቀት ማጠፊያ በጃፓን ሲስፋፋ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጠንካራ የወረቀት ጥብጣቦች ከላይ እስከ ታች እየተፈራረቁ፣ አንዱ ከዚህኛው ክንፍ ፊት ተነሥቶ ወደዚያኛው ጀርባ፣ ቀጣዩ ደግሞ ከዚህኛው ጀርባ ተነሥቶ ወደዚያኛው ፊት እንደ ሽመና ክር ይሻገራሉ። በዚህ ምክንያት መከለያው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይታጠፋል፤ በክንፎቹ መካከልም ክፍተት አይታይም። ሠዓሊው ከዚያ ወዲህ ስድስቱን ክንፍ እንደ አንድ ሰፊ መሬት ቆጥሮ ወንዙን፣ ደመናውንና የጥድ ቅርንጫፉን ሳያቋርጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሳል ቻለ። ዛሬ የምናደንቀው ውበት ከብረት ሳይሆን ከወረቀት በተሠራ ማጠፊያ ላይ የቆመ ነው ማለት ነው፤ ይህን የተረዳ ሰው በኋላ የምዘረዝረውን ጥንቃቄ ሁሉ ምክንያቱን ራሱ ያገኘዋል።

የትኛው ከየት እንደ ሆነ መለየት

የጃፓኑ መከለያ ውስጡ ከቀላል እንጨት የተሠራ እንደ መስኮት ፍርግርግ ያለ አጥንት ነው። በላዩ ላይ ወረቀት በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ሥዕሉ ያርፍበታል፤ ዙሪያው በሐር ጥብጣብ፣ ዳሩ ላከር በሚባል፣ ከዛፍ ሙጫ በሚሠራ አንጸባራቂ ቅብ በተቀባ ቀጭን እንጨት ይከፈፋል። ከውጭ ጠንካራ ሰሌዳ ቢመስልም ውስጡ ባዶ ስለሆነ በጣት ቢገፉት ይቀደዳል። ብዙውን ጊዜ ስድስት ክንፍ አለው፤ ቁመቱ ከ150 እስከ 175 ሴንቲ ሜትር፣ ሁሉም ሲዘረጋ ወርዱ ወደ 360 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በአብዛኛው ጥንድ ሆኖ ይሠራል፤ ሥዕሉም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። በገበያ ላይ ጥንታዊ ተብሎ የሚገኘው አብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868 ከቆየው የኤዶ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከታላላቆቹ መካከል ከ1539 እስከ 1610 የኖረው ሃሴጋዋ ቶሃኩ በጥቁር ቀለም ብቻ በጭጋግ ውስጥ የቆሙ የጥድ ዛፎችን የሳለበት ጥንድ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራን ጭጋግ ያየ የደሴ ሰው ያ ሥዕል ምን እንደሚል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ከ1658 እስከ 1716 የኖረው ኦጋታ ኮሪን ደግሞ በወርቅ መሬት፣ ማለትም በወርቅ በተለበጠ የሥዕል ዳራ ላይ ሰማያዊ አበባና አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ደርድሮ የሠራው ጥንድ በቶኪዮ ኔዙ ሙዚየም አለ።

በጃፓን ፖርቱጋሎች በ1543 ከደረሱ በኋላ የተሣሉ፣ ናምባን የሚባሉ መከለያዎችም አሉ። በእነዚህ ላይ ትልልቅ የፖርቱጋል መርከቦች፣ ረጅም አፍንጫ ያላቸው ነጋዴዎችና ከእነርሱ ጋር የመጡ ጥቁር ሰዎች ይታያሉ። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእኛን ላሊበላ አይቶ መግለጫ ጽፎ ስለ ነበር፣ እኔ ናምባን መከለያ ባየሁ ቁጥር የአንድ ዘመን ሰዎች ሁለቱን አገር በሁለት እጃቸው የነኩ ይመስለኛል። የፖርቱጋልኛው ቢዮምቦ የሚለው ቃልም ከጃፓንኛው ቢዮቡ የተወሰደ ነው።

የቻይናው ኮሮማንደል የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው ዕቃው ወደ አውሮፓ ሲጫን ካለፈበት ከሕንድ የምሥራቅ ጠረፍ እንጂ እዚያ ተሠርቶ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የተሠራ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 12 ክንፍ ይኖረዋል፣ ቁመቱም 250 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይሄዳል። ሳንቃው በላከር ከተለበጠ በኋላ ሥዕሉ በስለት ይቀረጽና የተፋቀው ጎድጓዳ በቀለም ይሞላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለሹመኛ የልደት ወይም የክብር ስጦታ ስለ ነበሩ ጀርባቸው ላይም ሌላ ሥዕል ወይም የምስጋና ጽሑፍ አለ፤ ስለዚህ ጀርባው ወደ ግድግዳ ዞሮ መቅረት የለበትም። የኮሪያው ባለ ስምንትና ባለ አሥር ክንፍ ይበዛበታል፤ መጻሕፍትና የጽሕፈት ዕቃ የተደረደረበት ቼክኮሪ፣ ከጆሶን ነገሥታት ዙፋን ጀርባ ይቆም የነበረው የፀሐይ፣ የጨረቃና የአምስት ተራሮች ሥዕል ይታወቁበታል።

ከመግዛት በፊት

ሻጩ መከለያውን ዘርግቶ ሲያሳይዎ ዓይንዎ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል፤ ይህ የሁላችንም ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ዞረው ጀርባውን ይመልከቱ። አሮጌ የጃፓን መከለያ ጀርባው ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጌጥ ማኅተም የታተመበት፣ እዚህም እዚያም የተጣፈ፣ ጠርዙ በእጅ መነካካት የወየበ ይሆናል። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤም ዲ ኤፍ ከሆነ ዕቃው በእኛ ዘመን የተሠራ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢምል ሐሳብዎን አይለውጡ። ቀጥሎ በሁለቱ ክንፎች መካከል ጣትዎን ሳያስገቡ በዓይንዎ ብቻ ይመርምሩ። በወረቀት መከለያ ላይ በብሎን የታሰረ የናስ ማጠፊያ ካዩ፣ ወይ አዲስ ሥራ ነው ወይም ምዕራባውያን ገዝተው የተቀደደውን የወረቀት ማጠፊያ በብረት የተኩበት አሮጌ ሥራ ነው። ሁለተኛው ዋጋው ይቀንሳል እንጂ የሚጣል አይደለም። በቻይናው ላከር መከለያ ላይ ግን የብረት ማጠፊያ የተለመደ ስለሆነ አያሳስብም።

ከዚያ ወደ ወርቁ ይምጡ። እውነተኛ የወርቅ መሬት ከወረቀት እጅግ በሳሱ፣ ጎናቸው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል በሆኑ የወርቅ ቁርጥራጮች የሚለጠፍ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ሲደራረቡ የሚፈጥሩት ደካማ የካሬ መስመር በጥሞና ለሚያይ ይታያል። ዝም ብሎ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ወርቃማ ቀለም በቡሩሽ የተቀባ ወይም የታተመ ነው። ወርቅ አይዝግም፤ ከናስ የተሠራው አስመሳይ ግን ከጊዜ በኋላ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። ብር ደግሞ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በወርቁ መካከል ከሰል መስሎ የሚታይ ወንዝ ወይም ጨረቃ ሲገጥምዎ የቆሸሸ መስሎዎ ለማጽዳት አይነሡ፤ ሲሠራ የብር ወንዝ ነበር፣ ጥቁረቱም የዕድሜው ምስክር ነው።

የሞባይልዎን መብራት አብርተው ከጎን፣ ከሥዕሉ ጋር ሊነካካ እስኪቀርብ በአግድም ያስጠጉት። በእጅ የተሣለ ሥዕል በዚህ ብርሃን ከፍታና ዝቅታ ያሳያል፤ ነጩ አበባ ከመሬቱ ጎላ ብሎ ይነሣል፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው ከተፈጨ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያብለጨልጫል። በሕትመት የተባዛ ከሆነ ግን ሁሉም ልሙጥ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩትም ቀለሙ ወደ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይበተናል። በዚያው ብርሃን ቀለሙ እንደ ደረቀ የጭቃ ልስን ቅርፊት እየሆነ የሚላቀቅ መሆኑንም ይመልከቱ፤ እንደዚያ ከሆነ ዕቃው ደኅና አይደለም፣ የደሴን መንገድም አይችልም።

እውነተኛ እርጅና ሥርዓት አለው። ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ዳር፣ ወለል የሚነካው ግርጌና የሚታጠፈው መስመር ይበልጥ ይጎዳሉ፤ የሥዕሉ መካከል ይተርፋል። ከላይ እስከ ታች እኩል ያረጀ መከለያ ሆን ተብሎ በሻይ ወይም በቀለም እንዲያረጅ የተደረገ ነው። ፊርማና ቀይ ማኅተም መኖሩ ብዙ አያጽናናዎ፤ የታላላቆችን ስም መጻፍ ለአስመሳይ ቀላል ነው፣ ፊርማ የሌላቸው ድንቅ ሥራዎችም ብዙ ናቸው። ይልቅስ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ በሌላው ጎን ባዶ ከሆነ የጥንዱ ግማሽ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ግማሽ ጥንድ ለአንድ ሳሎን በቂ ነው፣ ዋጋው ግን የጥንድ መሆን የለበትም። የወፍ ጭንቅላት ወይም የተራራ ጫፍ በክፈፉ ተቆርጦ ከቀረም አንድ ሰው ዳሩን ቆርጦ እንዳሳጠረው ይወቁ።

በመጨረሻ ሻጩን መከለያውን በፊትዎ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ይጠይቁት። የሚንጣጣ ወይም የሚቀደድ ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም አንዱ ክንፍ ከሌላው በታች ተንሸራትቶ ከቆመ፣ ማጠፊያው አልቋል። እኔ በግሌ ሥዕሉ መካከለኛ፣ ማጠፊያው ግን ጤነኛ የሆነውን፣ ሥዕሉ እጅግ ካማረና ማጠፊያው ከተበጣጠሰው አስበልጣለሁ። የመጀመሪያው ዛሬውኑ ቤት ይገባል፤ ሁለተኛው ግን ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ሊያልፍ ይችላል።

ወደ ወሎ ማድረስ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣርማ በርን ወርዶ ቆላውን አቋርጦ እንደገና ዳገት የሚወጣ መንገድ ስለሆነ፣ በአይሱዙ ላይ ከፍራሽና ከፍሪጅ በታች የተጋደመ መከለያ ተሰብሮ ይደርሳል። መከለያው ይታጠፍ፤ በተገናኙት ፊቶች መካከል ሁሉ ንጹሕ፣ ለስላሳና ጽሑፍ የሌለበት ወረቀት ይግባ፤ ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚያስተላልፍ አይሆንም። ከዚያ በአቡጀዴ ተጠቅልሎ በሁለት ቦታ በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ላላ ተደርጎ ይታሰርና በቁመቱ እንደ ቆመ፣ ከመኪናው ጎን ጋር ተደግፎ ይጓዝ። ሲነሣ ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዱ ከግርጌ፣ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱም ከክፈፉ እንጂ ከወረቀቱ አይያዙ። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ እጅ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ።

ቤት ሲደርስ ወዲያው አይፈቱት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። በዚህ አጭር መንገድ እንኳ ሙቀቱና እርጥበቱ ይለወጣል፣ እንጨትና ወረቀት ደግሞ ለውጡን እኩል አይቀበሉትም። ሁለት ቀን ተጠቅልሎ በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ይቆይና ከዚያ ይፈታ።

ማቆም

ብዙ ሰው ሥዕሉ በሙሉ እንዲታይ ብሎ መከለያውን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ እንዲህ ሲሆን ይወድቃል፣ ወይም እንዳይወድቅ በሚስማር ይመታል። መቆም የሚችለው ሲዘገዛግ ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ክንፍ መከለያ በክንፎቹ መካከል ቀጥ ያለ ማዕዘን ተጠብቆ ቢቆም 254 ሴንቲ ሜትር ወርድና 42 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወለል ይይዛል። ትንሽ ከፈት ቢደረግ ወርዱ 275 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ መክፈት ለእርጋታው ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ቤትዎን ሲለኩ የተዘረጋውን 360 ሳይሆን ይህን ቁጥር ይያዙ። ለኮሮማንደል ደግሞ ከሁሉ በፊት ኮርኒሱን ይለኩ።

ሠዓሊው እጥፋቱን አስቦ ነው የሳለው። ወደ ፊት የወጣው ማጠፊያ ላይ ያለው ዛፍ ወደ እኛ ይቀርባል፣ ወደ ኋላ የገባው ላይ ያለው ውሃ ይርቃል፤ ሰው በፊቱ ሲያልፍም አንዱ ክንፍ እየተደበቀ ሌላው እየተገለጠ ይሄዳል። ጠፍጣፋ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይህን ሁሉ ያጠፋዋል፤ ክብደቱንም ወለል እንዲነካ ከተሠራው ግርጌ ነጥቆ በደካማው የወረቀት ማጠፊያ ላይ ይጥለዋል።

ጃፓኖች መከለያቸውን የሚያዩት ወለል ላይ ተቀምጠው ነው። የእኛ ወሎ ለዚህ የታደለ ነው፤ በብዙ ቤት ውስጥ ፍራሽና ትራስ ተደርድሮ የሚቀመጡበት መጅሊስ አለ፣ በሌላውም ቤት ዝቅተኛ በርጩማና መደብ አለ። በከፍተኛ ሶፋ ላይ ሆኖ ከሚያየው ይልቅ መጅሊስ ላይ የተቀመጠው ሰው ሠዓሊው ባሰበው የዓይን ከፍታ ያየዋል። ስለዚህ ሁለት ክፍል ካለዎት ለመጅሊሱ ይስጡት። የተቀመጠ ሰው ጀርባ ግን መደገፊያ እንዳይሆን፣ ከትራሱ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ።

የወርቅ መሬት የተሠራው ለፀሐይ አይደለም፤ በጨለማው የጥንት አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ በር የመጣችውን ጥቂት ብርሃን ይዞ እንዲመልስ ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በጓዳው በር በኩል የገባው የፋኖስ ብርሃን ወርቁን ሲነካው ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቅ ይመስል ነበር፤ ቀን በመስኮት ብርሃን ይህን አይቼው አላውቅም። ስለዚህ መከለያውን ከመስኮት ፊት ለፊት አያቁሙት። ሙዚየሞች ለወረቀትና ለሐር የሚፈቅዱት ብርሃን ወደ 50 ሉክስ ነው፤ ለንባብ ከምንጠቀምበት በብዙ ያንሳል። በደጋችን ከፍታ ምክንያት ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ ወፍራም መጋረጃ የግድ ነው። ለመብራት ሙቀት የማያወጣ ኤል ኢ ዲ ይምረጡና ከራቅ ያለ ቦታ ያድርጉት።

ከውጭ ግድግዳ ጋር አያስጠጉት። የጭቃ ቤትም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ከግርጌው ሁለት ቀጭን የደረቀ እንጨት ይነጠፍለት፤ ወለል በውሃ የሚታጠብበት ቤት ውስጥ የመከለያው እግር መጀመሪያ የሚበሰብስ ነውና። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቄጠማም ልብ ይበሉ፤ ርጥብ ሣር ውሃንም ነፍሳትንም ይዞ ስለሚመጣ ከመከለያው ግርጌ አንድ ሜትር ይራቅ።

ጭስና ጽዳት

ጃፓኖች በሻይ ሥርዓታቸው ከፍሙ ማዶ የሚያቆሙት ባለ ሁለት ክንፍ አጭር መከለያ አላቸው። ይህን የሰማ የእኛ ሰው ከረከቦቱ ጀርባ ለማቆም ይመኛል፤ ምኞቱ የሚያምር ነው፣ ለጥንታዊ ዕቃ ግን አልመክረውም። የእኛ የቡና ሥርዓት እስከ በረካ ድረስ ረጅም ነው፤ ከሰሉ ይፈነጥቃል፣ ቡናው ሲቆላ ቅባት ያለው ጭስ ይወጣል፣ ከዕጣኑ የሚነሣው ጭስ ደግሞ ሙጫ ስለሆነ የነካውን ይዞ ይቀራል። ወርቁ ላይ በዓመታት የሚያርፈው ቡናማ ሽፋን ያለ ባለሙያ አይነሣም። ቡናው በክፍሉ በሌላኛው ጫፍ፣ መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፤ ለረከቦቱ ጀርባ ከፈለጉ አዲስ የተሠራ ትንሽ የቀርከሃ ወይም የጨርቅ መከለያ ለአናጺ ማሠራት ይሻላል።

አቧራን በተመለከተ ወጣት ሳለሁ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ከሟች ባለቤታቸው የቀረ ባለ ሁለት ክንፍ የጃፓን መከለያ ነበራቸው፤ በወርቅ መሬት ላይ ነጭ አበባ ያበበ አንድ ጠማማ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር የተሣለበት። ለኢድ ቤቱን ላሳምር ሄጄ በንጹሕ ጥጥ፣ ውሃውን በደንብ ጨምቄ፣ አበባውን በቀስታ ጠረግሁት። ጥጡን ሳነሣው እንደ ወተት ያለ ነጭ ይዟል፤ ሦስት አበባ ከቦታው ጠፍቶ በስፍራው ባዶ ወርቅና ዙሪያውን ቡናማ የእርጥበት ቀለበት ቀርቷል። ሴትዮዋ ፊቴን አይተው «አብሽር ልጄ፣ እጅህ እንጂ ልብህ አላጠፋም» አሉኝና ቡናውን ቀዱልኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያን ጥጥ አልረሳሁትም። በኋላ የተረዳሁት ያ ነጭ ቀለም ከተፈጨ የኦይስተር ዛጎል ተሠርቶ ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ሙጫ የተያዘ መሆኑን ነው፤ ሙጫው ውሃ ሲነካው ይፈታል።

ስለዚህ በወረቀትና በሐር መከለያ ላይ ውሃ፣ አልኮል፣ የመስታወት ማጽጃና የዳቦ ፍርፋሪ ሳይቀር አይደርስም። አቧራ የሚነሣው በደረቅ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ሰፊ ቡሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀለሙ የሚላቀቅበትን ቦታ ፈጽሞ ሳይነኩ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ላከሩ በደረቅ ለስላሳ ጥጥ ሊጠረግ ይችላል። የተቀደደ ካለ ስኮችና ኮላ አይቅረቡት፤ የጃፓን ባለሙያዎች ከስንዴ ስታርች የሚሠራ ሙጫ የሚጠቀሙት ወደፊት በውሃ ተፈትቶ እንደገና እንዲጠገን ብለው ነው፣ ኮላ ግን አንዴ ከያዘ ወረቀቱን ካልቀደደ አይለቅም።

ክረምት

በደሴ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ መከለያውን አጥፎ ማስቀመጥ እኔ የምከተለው ልማድ ነው። ጃፓኖችም መከለያቸውን ዓመቱን ሙሉ አያቆሙም፤ እንደ ወቅቱና እንደ እንግዳው እያወጡ እየመለሱ ነው ለብዙ መቶ ዓመት ያቆዩት። በደረቅ ቀን ይታጠፍ፣ በፊቶቹ መካከል ወረቀት ይግባ፣ በታጠበና በደረቀ አቡጀዴ ይጠቅለል፣ በቤቱ መካከለኛ ግድግዳ አጠገብ በእንጨት ላይ ይቁም። አይጋደም፣ ቆጥ ላይ አይውጣ፣ ፕላስቲክ አይልበስ፤ ፕላስቲክ ውስጥ የታፈነ እርጥበት በአንድ ወር ሻጋታ ያበቅላል። ናፍታሌን ከዕቃው ጋር አይጠቅለል፣ የነፍሳት መርጫም በቀጥታ አይረጭበት። በየሁለት ሳምንቱ ከፈት አድርገው ያሽትቱት፤ የሻጋታ ሽታ፣ ከግርጌው የተራገፈ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ወይም በግድግዳው ላይ የወጣ የምስጥ ጭቃ ካገኙ ቦታውን ወዲያው ይለውጡ። እርጥበት ቢጠጣ በከሰል ምድጃ አጠገብ ለማድረቅ መሞከር የከፋ ጉዳት ያመጣል፤ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

የኮምቦልቻ ችግር ግን ተቃራኒ ነው። በበጋ ቆርቆሮው ሲግል የክፍሉ አየር ይደርቃል፣ ወረቀቱም እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠርና ከውስጥ ባለው የእንጨት ፍርግርግ መስመር ላይ ይሰነጠቃል። እዚያ መከለያው ከጣሪያው ሙቀት የራቀውን፣ ኮርኒስ ያለውንና ቀዝቀዝ ያለውን ክፍል ይያዝ፤ የአየር ማራገቢያም ፊቱን ወደ እርሱ አያዙር።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅሉ አውጥተው አንድ ቀን እንደ ታጠፈ ያቆዩትና በማግስቱ ሁለት ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። ከመቆሙ በፊት እያንዳንዱን ማጠፊያ ከላይ እስከ ታች ፎቶ ያንሡት፣ ቀኑንም ይጻፉበትና ካለፈው ዓመት ፎቶ ጋር ያስተያዩት። በማጠፊያው ላይ ያለው ስንጥቅ የጣት ስፋት ያህል እንኳ ረዝሞ ከተገኘ፣ በዚያ ዓመት መከለያውን እንደገና ሳያጥፉ ባለበት ማዕዘን አቁመው የወረቀት ጥገና ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ይተዉት።